የብሎጋችንን የጎብኚ ቁጥር ለሁሉም እናሳይ ወይስ ለራሳችን እንያዘው?

ከፒያሳ በታች (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብሎግ ወይም የቴሌግራም ቻናል ያላችሁ ሁሉ ሐሳብ ስጡኝ።

ስለ ደሴ የምጽፍበት ብሎግ አለኝ። የሚከራይ ቤት፣ የታክሲ ታሪፍ፣ የድሮ ሕንፃዎች። አንዳንዴ ደግሞ ስለ አይጠየፍ አዳራሽና ስለ ንጉሥ ሚካኤል ዘመን እጽፋለሁ። ከገጹ ግርጌ ቆጣሪ አለ። የገባ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ስንት ዕይታ እንዳለኝ ያያል። ብሎገር (ብሎጌን የሠራሁበት የጉግል አገልግሎት) ላይ በነጻ ስለሚገኝ ነው ያስገባሁት፣ ብዙም አላሰብኩበትም ነበር።

አሁን ሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ይሉኛል። አንድ ጓደኛዬ «አውርደው፣ ያስንቅሃል» ይላል። ኮምቦልቻ ሱቅ ያለው ሌላ ሰው ደግሞ ማስታወቂያ ሊያሠራ ፈልጎ «ስንት ሰው ያነብሃል? ከላይ አድርገው እንጂ፣ ግርጌ ላይ ማን ያየዋል?» ይለኛል።

እናንተስ? ታሳያላችሁ? ካሳያችሁ የቱን ቁጥር ነው የምታሳዩት?

ጉም በጦሳ

አሳይ! ምን ሰርቀህ ነው የምትደብቀው?

እኔ አዲስ ብሎግ ስገባ መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ነው። ሰው ካለበት እቆያለሁ። ከሌለበት ላሽ።

ሸቀጥ በጅምላ (ሰኞ ገበያ)

ነጋዴ ነኝ። ብሎግ የለኝም። ግን አላስችል አለኝ።

ሱቄ በር ላይ «ዛሬ ይህን ያህል ሸጥኩ» ብዬ ለጥፌ አላውቅም። የለጠፈ ነጋዴም ደሴ ላይ አላየሁም። ብዙ ከሆነ ጎረቤቴ ነገ ያንኑ ዕቃ ደርድሮ ይጠብቀኛል። ትንሽ ከሆነ ደንበኛው «ምን ጎድሎበት ነው?» ብሎ ያልፋል። በ2009 የቀን ገቢ ግምት የመጣ ጊዜ የነበረውን ግርግር ታስታውሳላችሁ። ያኔ ስለ ገበያው ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ጠፍቶ ነበር። ዓይንም አለ። ሳቁ፣ ግን ዓይን አለ።

ቁጥር የሚጠቅመው ባለቤቱን ነው። ማታ በሩን ዘግቶ ይቁጠር።

ጉም በጦሳ

ጋሼ፣ ብሎግ ላይ ግን የቀን ገቢ ግምት የለም እኮ!

ሸቀጥ በጅምላ

ገቢ ካለ ግብር አለ ልጄ። አብሽር።

ሰርቨር ጠባቂ (ኮምቦልቻ)

ከመከራከራችን በፊት የምን ቁጥር እንደሆነ እንለይ። ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝምባችሁ ነው፣ ታገሡኝ።

አንደኛ ሂት የሚሉት አለ። ብራውዘሩ ከሰርቨሩ የጠየቀው እያንዳንዱ ፋይል አንድ ሂት ነው። ገጹ 20 ፎቶ ካለው አንድ ሰው አንዴ ሲከፍተው ከ20 በላይ ሂት ይመዘገባል። ድሮ ሰው በዚህ ይፎክር ነበር። ዛሬም የሚፎክር አልጠፋም።

ከዚያ የገጽ ዕይታ አለ። ገጹ በተከፈተ ቁጥር አንድ ይጨምራል። የፊደል ስህተት ልታርም አሥር ጊዜ ብትከፍተው አሥር ነው። ብሎገር ላይ የራስህን ዕይታ እንዳይቆጥር ማዘዝ ትችላለህ። ግን ትእዛዙ የሚቀመጠው በዚያው ብራውዘር ውስጥ ነው። ስልክ ስትቀይር እንደገና እንደ እንግዳ ይቆጥርሃል።

ቀጥሎ ጎብኚ ነው። ይሄ በአብዛኛው ኩኪ በሚባል፣ ብራውዘሩ ውስጥ በሚቀመጥ ትንሽ ምልክት ይታወቃል። አንድ ሰው በስልኩም በላፕቶፑም ቢገባ ሁለት ሰው ይባላል። ኢንተርኔት ቤት ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር አሥር ሰው ተራ በተራ ቢያነብ ደግሞ አንድ ሰው ሊባል ይችላል።

ሰው ያልሆነም ይገባል። የፍለጋ ሮቦት አለ፣ ይዘት የሚገለብጥ ቦት አለ፣ የራሱን ሊንክ በስታትስቲክስህ ውስጥ እንድታይለት ብቻ የሚመጣ አይፈለጌም አለ። የብሎገር ቆጣሪ እነዚህን በደንብ አይለይም። ጉግል አናሊቲክስ የሚባለው የጉግል ቆጣሪ የታወቁትን ቦቶች ያወጣል፣ ጃቫስክሪፕት (ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራ ኮድ) የዘጋን አንባቢ ግን አያየውም። ሁለቱን አንድ ብሎግ ላይ አስገቡና ጎን ለጎን እዩ። በጭራሽ አይገናኙም። እኔ በማስተዳድራቸው ገጾች ላይ የብሎገሩ ነው የሚበልጠው።

ስለዚህ ወንድሜ ከፒያሳ በታች፣ ግርጌህ ላይ ያለው ቁጥር የሰው ቁጥር አይደለም። ገጹ የተከፈተበት ብዛት ነው። በዚያ ላይ ጠቅላላ ድምር ነው። ድምር መቼም ወደ ታች አይወርድም። ከዓመት በፊት የተወ ብሎግም ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ይቀመጣል።

ከፒያሳ በታች

አመሰግናለሁ። ይሄን ያህል የተወሳሰበ አልመሰለኝም ነበር። አንድ ጥያቄ ልጨምር። የኔ ስታትስቲክስ ጠዋት ጠዋት ባዶ ነው፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ግን ሰው ይበዛል ይለኛል። ደሴ በዚያ ብርድ ማን ነው እኩለ ሌሊት የሚያነበኝ?

ሰርቨር ጠባቂ

የብሎግህን የሰዓት ክልል እየው። የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ላይ ተትቶ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አዲስ ቀን የሚጀምረው እኛ ጋ ረፋድ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው፣ እንደ ወቅቱ። ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ ገብቶ ያነበበህ ሰው የትናንት ማታ አንባቢ ተብሎ ይመዘገባል። ሴቲንግ ውስጥ የአዲስ አበባን ሰዓት ምረጥ።

የሐረጎ ጠመዝማዛ

እኔ ግጥምና አጭር ታሪክ ነው የምጽፈው። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ቁጥር ነበረኝ። አጠፋሁት። ያጠፋሁት ለአንባቢ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው።

አንድ ጊዜ ስለ ቤት ኪራይ በንዴት የሆነ ነገር ጻፍኩ። ቁጭ ብዬ በአንድ ትንፋሽ። ሰው ተቀባበለው። ከሱ በታች ስደክምበት የከረምኩት ግጥም አለ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ከሌላው ሥር ቁጭ ብለው ያዩኛል። ከዚያ ወዲህ ልጽፍ ስነሳ የሚመጣልኝ ንዴቱ ሆነ። ምን ላናድድ፣ ማንን ልንካ። ግጥሙ እየሸሸኝ መጣ።

አንባቢውም ቢሆን ከግጥሙ በፊት ቁጥሩን ነው የሚያነበው። «14 ዕይታ» የሚል አይቶ የጀመረ ሰው ልቡን አይሰጠውም። ግጥም ደግሞ ልብ ካልሰጡት ምኑን ተነበበ።

ጉም በጦሳ

እህቴ፣ ከሰው ብትደብቂውም አንቺ ግን ታዪዋለሽ አይደል?

የሐረጎ ጠመዝማዛ

አያለሁ። ወር ሲያልቅ አንዴ። ዕለት ዕለት አላይም። ማንም የማያየው ቁጥር ብዙ አያባብልም። ጎረቤት፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ የአክስት ልጅ ሁሉ እያየው ነው ብለሽ ስታስቢ ነው የሚያምሽ።

ዋርካ ሥር (ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ደሴ ግቢ)

ያነበብኩት ጥናት አለ፣ ለዚህ ክርክር ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ድረ ገጽ ከፍተው ብዙም የማይታወቁ 48 ዘፈኖች አስቀመጡበት። ከ14,000 በላይ ሰው ገባ። እያዳመጡ፣ የወደዱትን ያወርዳሉ። አንዳንዶቹ የሚያዩት የዘፈኑንና የባንዱን ስም ብቻ ነው። ሌሎቹ ግን ዘፈኑ ስንት ጊዜ እንደወረደም ከጎኑ ያያሉ። ቁጥር የሚያዩትን በ8 ቡድን ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን የሌላውን ቁጥር አያይም።

ቁጥር በሚታይበት ቡድን የተወደደው ይበልጥ ተወደደ፣ የተረሳው ይበልጥ ተረሳ። ይሄ ብዙ አይገርምም። የሚገርመው ሌላ ነው። ቁጥር ሳያዩ በመረጡት ሰዎች ዘንድ 26ኛ የወጣ አንድ ዘፈን በአንዱ ቡድን 1ኛ፣ በሌላው ቡድን 40ኛ ሆነ። ዘፈኑ ያው ነው። መጀመሪያ የገቡት ጥቂት ሰዎች ምን እንደነኩ ነው ልዩነቱ።

በጣም ጥሩዎቹ ብዙም አይወድቁም፣ በጣም መጥፎዎቹም ብዙ አይነሱም። መሐል ያለው ግን በዕድል ነው። አብዛኞቻችን ደግሞ መሐል ነን።

እ.ኤ.አ. በ2008 የቀጠለው ጥናት ይብሳል። ሳልጋኒክና ዋትስ ቁጥሩን ገልብጠው፣ ያልተወደደውን እንደተወደደ አድርገው አሳዩ። ብዙዎቹ ዘፈኖች በሐሰተኛው ቁጥር ከፍ ብለው ቀጠሉ። ምርጦቹ ቀስ እያሉ ወደ ቦታቸው መመለስ ጀመሩ። በጠቅላላ የሚያወርደው ሰው ግን ቀነሰ። የማይጥም ነገር ከፊት ሲደረደርለት ሰዉ ሰለቸ መሰለኝ። ይሄኛው የኔ ግምት ነው።

ጉም በጦሳ

ታዲያ ቁጥር ይሠራል ማለት ነው! ትልቅ ከሆነ አሳይ፣ ትንሽ ከሆነ ደብቅ። አለቀ።

ዋርካ ሥር

ሁሉም እንደዚያ ካደረገ፣ ያልለጠፈ ሁሉ ትንሽ ነው ብለህ አትጠረጥርም? ያኔ መሐለኛው ላለመጠርጠር ይለጥፋል። ከዚያ ከሱ ዝቅ ያለው። መጨረሻ ላይ መደበቅ የሚባል ነገር አይኖርም፣ የደበቀ ሁሉ ባዶ ነው ይባላል።

መምህር በጡረታ (ደሴ)

እኔ ቁጥር አይቼ አንድም ነገር አንብቤ አላውቅም። ዐይኔም አይደርስበትም፣ ያ ግርጌ ላይ ያለው ፊደል ደቃቃ ነው። ርዕሱን አያለሁ፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ አነባለሁ፣ ከጣመኝ እገፋበታለሁ።

ከፒያሳ በታች፣ የሰኞ ገበያን ታሪክ ቀጥለው እባክህ። ጀምረህ ተውከው።

ከፒያሳ በታች

እሺ መምህር፣ እርስዎ ካሉማ እቀጥላለሁ። እንደዚህ የሚል ሰው ሲኖር ቆጣሪውንም መርሳት ይቻላል።

አራዳ ቻናል (ደሴ)

ብሎግ ላይ ያላችሁ ታድላችኋል። እኛ ቴሌግራም ላይ ምርጫ የለንም። ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር ዐይኗ አለች፣ ከጎኗ ቁጥር። ተከታዩም ከላይ ተጽፏል። ማንም ያየዋል።

ግን ልንገራችሁ፣ ግልጽ መሆኑ የጠቀመንም ነገር አለ። ተከታይ በገንዘብ የሚገዛ ቻናል ሞልቷል። 50,000 ተከታይ አለው እንበል። ፖስቱን ስታይ ዕይታው 300 ነው። ወዲያው ታውቃለህ። ቁጥሩ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ስክሪንሻት እየላከ ይሸውድህ ነበር። አሁን ግን ዕይታም መገዛት ጀምሯል። እሱንም ማወቂያ አለው። የአንድ ቻናል ፖስት ሁሉ፣ የልደት መልካም ምኞቱም ሰበር ዜናውም፣ ተመሳሳይ ዕይታ ካለው ነገር አለ። የእውነተኛ አንባቢ ቁጥር ይዘላል፣ ይወድቃል።

ሌላው ፎርዋርድ ነው። ፖስትህን ሌላ ቻናል ሲያስተላልፈው እዚያ ያየው ሰውም አንተ ጋ ይደመራል። ኮፒ አድርጎ በራሱ ስም ቢለጥፈው ግን ላንተ ምንም የለም።

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ 1,000 እና ከዚያ በላይ ተከታይ ላላቸው ቻናሎች ከማስታወቂያ ገቢው ግማሹን ማካፈል ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ ሰው ለቁጥሩ ያለው ፍቅር ሌላ ሆኗል። ምን ይደረግ።

ቪው በቅናሽ

[ይህ መልስ በአወያይ ተሰርዟል]

አወያይ

ዕይታ የሚሸጥ ሰው እዚሁ ክር ላይ ስልኩን ለጥፎ ነበር። ስለ ድፍረቱ እያደነቅን አባረነዋል። ቀጥሉ።

ብረታ ብረት ኮምቦልቻ

እኔ ደግሞ ገንዘቡን የምከፍለው ሰው ነኝ። የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። ስለዚህ እኔን ስሙኝ።

ከዚህ በፊት ቁጥሩ አገር ምድሩን የሚያህል አንድ ገጽ ላይ ማስታወቂያ አሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም። ብዙ ብር ነው የከፈልኩት። የደወለ ሰው ነበረ፣ ግን አንዱ ከሐዋሳ፣ አንዱ ከጅማ። ለጅማ ሰው ከኮምቦልቻ ቆርቆሮ ልጭን ነው? ኋላ ሲገባኝ ገጹ አገር ሙሉ የሚያዝናና ገጽ ነው። የኔ ገዢ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ባቲ፣ ከሚሴ ነው።

ስለዚህ ጠቅላላ ድምር አታሳዩኝ። የምፈልገው ይሄ ነው። ባለፈው ወር ስንት ሰው ገባ? ከየት ከተማ? ምን ሊያነብ ገባ? ስለ ሚከራይ ቤትና ስለ ግንባታ የሚያነብ 200 ሰው ካለህ ለኔ ከ20,000 ቀልድ አንባቢ ይበልጣል። ማስታወቂያው ላይ ለሱ ብቻ የምጠቀመውን ስልክ ቁጥር አስቀምጣለሁ። ስንት ሰው ደወለ የሚለውን ያኔ ራሴ አውቃለሁ፣ የማንንም ቆጣሪ አላምንም።

ስክሪንሻትም አልቀበልም። ስክሪንሻት መቀየር የማይችል ልጅ ዛሬ የት አለ?

ሰርቨር ጠባቂ

ጋሼ፣ ለስክሪንሻቱ መላ አለው። ጉግል አናሊቲክስ ላይ የሌላ ሰው ኢሜይል አስገብቶ የማየት ፈቃድ ብቻ መስጠት ይቻላል። መቀየር አይችልም፣ ማየት ግን ይችላል። ማስታወቂያው ሲያልቅ ፈቃዱን ታነሣለህ።

የከተማውን ነገር ግን በጥንቃቄ እዩት። ቦታ የሚገመተው ከአይፒ አድራሻ፣ ኔቱ ለመሣሪያው ከሚሰጠው ቁጥር ነው። የሞባይል ኔት ተጠቃሚ ደሴ ሆኖ አዲስ አበባ ሊባል ይችላል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው በነበረ ጊዜ ደግሞ ሰው ሁሉ ቪፒኤን (በሌላ አገር በኩል የሚያስገባ መተግበሪያ) ለመደ። ያላጠፋው ብዙ ነው። የደሴ ብሎግ ከፍተህ ሆላንድ ውስጥ ብዙ አንባቢ ካየህ ሰውየው ሆላንድ አልሄደም፣ ሰኞ ገበያ ነው ያለው።

ደሴዬ ከሩቅ (ሜሪላንድ)

አሜሪካ የሚለው ቁጥር ሁሉ እኔ አይደለሁም ማለት ነው! ብቻዬን የማነበው መስሎኝ ኮርቼ ነበር።

እኔ ጽሑፉን አንዴ እከፍተዋለሁ። ከዚያ ኮፒ አድርጌ የቤተሰባችን ግሩፕ ላይ እለጥፈዋለሁ። እናቴ ማንበብ ስለሚያስቸግራት የወንድሜ ልጅ ቡና ላይ ጮክ ብላ ታነብላታለች፣ ጎረቤትም አለ። አንዳንዴ አቦሉ ሳያልቅ መልስ ይመጣል፣ «ያ ሕንፃ የእገሌ አልነበረም» እያሉ። ቆጣሪው ላይ ይሄ ሁሉ አንድ ዕይታ ነው።

ሰርቨር ጠባቂ

ትክክል። ቆጣሪው የሌለን ሰው እንደሚቆጥር ሁሉ ያለውንም ይዘለዋል።

ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ነበር። የዚያን ጊዜ ግራፍ ያለው ሰው አውጥቶ ይየው። መስመሩ ገደል ገብቷል። ታሪኩን የማያውቅ ማስታወቂያ ሰጪ «ይሄ ልጅ አንባቢው ጥሎት ሄዷል» ነው የሚለው።

የሐረጎ ጠመዝማዛ

ከዚያ በፊት የ2014 ጥቅምትና ኅዳርም አለ። ደሴም ኮምቦልቻም ጦርነት ውስጥ ነበሩ። ያኔ የተሰደደው ተሰዷል፣ የቀረው መብራትም ኔትም አልነበረውም። የኔ ብሎግ ያን ጊዜ ዜሮ ነው። እሱን ግራፍ ለማንም ማስረዳት አልፈልግም።

ከፒያሳ በታች

እኔም ጋ ያ ዜሮ አለ። ምንም አልልም።

ጠበቃ ነኝ ግን ያንተ አይደለሁም (ደሴ)

ስለ ሕጉ ማንም አላነሳም። ላንሳው።

አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው፣ ቁጥር ይቆጥራል። ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ከመደበኛው ይከብዳል። እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ድረስ ይሄዳል። ልብ በሉ፣ ሕጉ የሚለው ተከታይ ነው፣ ዕይታ አይልም። የብሎግ ቆጣሪ እዚህ ውስጥ ይገባል አልልም። ግን ተከታይ ገዝቶ ከ5,000 በላይ ያደረሰ ሰው ለፉከራ የገዛው ቁጥር ፍርድ ቤት ሊጠብቀው እንደሚችል ይወቅ።

ነገሩ ዝም ብላችሁ አትሳቱ ለማለት ነው፣ ላስፈራራችሁ አይደለም።

አራዳ ቻናል

ወይኔ። ይሄን ለአንድ ሰው መላክ አለብኝ።

ሰርቨር ጠባቂ

እኔም የሕግ ነገር ልጨምር፣ የውል ነው። አድሴንስ (ጉግል ገጻችሁ ላይ ማስታወቂያ እያሳየ የሚከፍልበት አገልግሎት) የምትጠቀሙ ካላችሁ ስታትስቲክስ ስትለጥፉ ተጠንቀቁ። ማስታወቂያው ስንት ጊዜ እንደተጫነና በገጻችሁ ላይ እንዴት እንደሠራ የሚያሳየውን ቁጥር ለሌላ መግለጥ ውሉ ይከለክላል። ጉግል በጠቅላላ የከፈላችሁን ገንዘብ መናገር ግን ይፈቀዳል። ገራሚው ነገር ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ብሩን ይደብቅና የክሊኩን ስክሪንሻት ይለጥፋል።

ሸቀጥ በጅምላ

ብሩን መደበቁ ልክ ነው።

ሁሉን ክፈት (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁም አንድ ቁጥር ለጥፍ ወይም አውርድ ትላላችሁ። እኔ ደግሞ ሁሉንም ክፈቱት ባይ ነኝ።

ዊኪፔዲያን እዩ። የእያንዳንዱ ገጽ ዕይታ ለማንም ክፍት ነው። ስለ ደሴ የተጻፈውን የአማርኛ ገጽ በቀን ስንት ሰው እንደከፈተው አሁን ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ትልቅም ይሁን ትንሽ አይደብቁትም። ፕሎዚብል የሚባል የስታትስቲክስ መሣሪያም አለ፣ ኩኪ አይጠቀምም። ከፈለጋችሁ ሙሉ ሰሌዳውን ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ትችላላችሁ። ራሱ ድርጅቱ የራሱን ከፍቶ ነው የሚያሳየው።

ችግሩ ያለው መርጦ ማሳየት ላይ ነው። ድምሩ ብቻ ሲለጠፍ ሐሜት ነው፣ ፉከራ ነው። ሁሉም ሲከፈት፣ የትኛው ጽሑፍ እንዳልተነበበ፣ የትኛው ወር እንደወደቀ ሲታይ ሰው የሚፎክርበት አያገኝም። አዲስ የሚጀምር ልጅም «ለካ እነሱም እንዲህ ነው የጀመሩት» ይላል። እኔ ስጀምር ያንን የሚያሳየኝ ሰው አጥቼ ነው የተንገላታሁት።

የሐረጎ ጠመዝማዛ

ለዊኪፔዲያ ጥሩ ነው። ማንም ሰው የኔ ነው አይለውም፣ አያፍርበትም። የኔ ግጥም ግን የኔ ነው። ሁሉን ክፈት ማለት ለኔ የልቤን መዝገብ አደባባይ አውጪ እንደማለት ነው።

ሁሉን ክፈት

እሱስ ልክ ነሽ፣ ለግጥም አልልም። ስለ ታክሲ ታሪፍና ስለ ቤት ኪራይ የሚጽፍ ሰው ግን ምን ያሳፍረዋል?

ዋርካ ሥር

ትልልቆቹም እዚህ ላይ አልቆረጠላቸውም። ኢንስታግራምና ፌስቡክ ላይክን ለመደበቅ ከ2019 ጀምሮ ሲሞክሩ ቆዩ። በግንቦት 2021 ለባለቤቱ ምርጫ ሰጥተው ገላገሉ። ዩቲዩብ ደግሞ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የዲስላይክን ቁጥር ከሕዝብ ደበቀ፣ ባለቤቱ ግን ያየዋል። ተደራጅተው ዲስላይክ የሚያዘንቡ ሰዎች አነስተኛ ቻናሎችን እያጠቁ ነው በሚል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ጉም በጦሳ

ዲስላይኩን በመደበቃቸው እስከ ዛሬ አልማርኳቸውም። የማይሠራ የጥገና ቪዲዮ በምን ልለየው? ስልኬን ፈትቼ ልጨርስ ስል ነው የሚነግሩህ «ይሄ ለሌላ ሞዴል ነው» ብለው። ያኔ ዲስላይኩን ባይ አልነካውም ነበር። እዩ፣ ቁጥር አንባቢንም ይጠብቃል። እናንተ ሁላችሁ የምታወሩት ስለ ጸሐፊው ስሜት ነው።

ሰርቨር ጠባቂ

ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ልዩነት አለው። ያ «ሠራልኝ፣ አልሠራልኝም» የሚል የሰው ፍርድ ነው። የዕይታ ቁጥር ፍርድ የለውም። አናዶት የወጣውም፣ ወዶ የጨረሰውም፣ በስህተት የነካውም እኩል አንድ ነው።

ከፒያሳ በታች

ሁላችሁንም አነበብኩ። ያሰብኩትን ልንገራችሁ፣ ስህተት ካለው ንገሩኝ።

የግርጌውን ቆጣሪ አወርዳለሁ። ማስታወቂያ ለሚፈልግ ሰው ለብቻው አንድ ገጽ እሠራለሁ። እዚያ ላይ ያለፈው ወር ጎብኚ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደተቆጠረ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ አካባቢ ስንት እንደሚገመት፣ በብዛት የተነበቡት ጽሑፎች የትኞቹ እንደሆኑ ይኖራል። ኔት የተቋረጠባቸውን ወራት ምልክት አደርጋለሁ፣ ከሥሩ በአንድ መስመር ምክንያቱን። ከዚያ በላይ ለሚጠይቅ የማየት ፈቃድ እሰጣለሁ። የታሪክ ጽሑፎቼ ሥር ምንም ቁጥር አይኖርም።

ጉም በጦሳ

እኔ አሁንም አሳይ ባይ ነኝ። አዲስ የሚመጣ ሰው ያንን ገጽህን ፈልጎ አይገባም።

ሁሉን ክፈት

ገጹን ለማስታወቂያ ሰጪ ብቻ ከምታደርገው ከላይ ሜኑ ላይ አድርገው። የፈለገ ይግባ።

ከፒያሳ በታች

ሜኑ ላይ ይሆናል፣ ይሄን እቀበላለሁ።

ሸቀጥ በጅምላ

የወሩን ቁጥር ባትጽፈው ደስ ይለኛል። ግን ያንተ ነው።

የሐረጎ ጠመዝማዛ

ሰርቨር ጠባቂ፣ እኔ ጋ ቁጥሩን ከጽሑፉ ሥር አጥፍቻለሁ። ግን ጎን ላይ «በብዛት የተነበቡ» የሚል ዝርዝር አሁንም አለ። ያ የኪራይ ጽሑፍ ሁልጊዜ አንደኛ ሆኖ ይታያል። እንዴት ነው የሚነሳው?

ሰርቨር ጠባቂ

ሌይአውት ውስጥ ግቢ። ጎን ላይ ያለውን «ፖፑላር ፖስትስ» ነክተሽ አስወግጂው። ዝርዝሩን ጨርሰሽ ማጥፋት ካልፈለግሽ የጊዜ ገደብ ምርጫ አለው፣ ያለፈው 7 ቀን ወይም 30 ቀን አድርጊው። የቆየው ጽሑፍ አሁን ብዙ የማይነበብ ከሆነ ቦታውን ይለቃል። ወይም የአገናኝ ዝርዝር አስገቢና አንቺ የምትወጃቸውን ግጥሞች በእጅሽ ደርድሪ።

የሐረጎ ጠመዝማዛ

በእጄ እደረድራለሁ።

ብረታ ብረት ኮምቦልቻ

ከፒያሳ በታች፣ ገጹ ሲያልቅ ሊንኩን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ለአንድ ወር እንሞክር። ዋጋውን ግን እንነጋገራለን፣ ለጥፈህ እንዳትጠብቀኝ።